«ቤቱን አትየው» ለሚሉን

አዲስ አበባ ውስጥ የቆየ ቤት ልግዛ ብሎ የተነሣ ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚሰማት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ቤቱን አትየው፣ ቦታውን እየው።» ደላላው ይላታል፣ ሻጩ ይላታል፣ አብሮህ የሄደው ጓደኛህ ይላታል፣ ማታ ደግሞ አጎትህ በስልክ ይደግማታል። ባለፉት ሰባት ወራት ከጉለሌ እስከ ቀበና፣ ከስድስት ኪሎ ጀርባ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አሥራ አንድ ግቢ አይቻለሁ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ያልሰማሁበት ግቢ የለም። ሁሉም የሚሏት እንደ ምክር ነው። እኔ ደግሞ ውሸት ናት እላለሁ። የደላላ ውሸት ብቻ ብትሆን ባልጻፍኩም ነበር፤ ሕጉም፣ ገበያውም፣ ማዘጋጃ ቤቱም የሚተባበሩባት፣ ገዢና ሻጭ እያወቅን የምንፈርምባት ውሸት ሆና ነው እንጂ።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በአገሩ ሕግ መሬት አይሸጥም፤ የሚሸጠው ቤት ነው። በገበያው ቤቱ ዋጋ የለውም፤ የሚሸጠው መሬት ነው። ቦታው ለልማት ተፈልጎ ተነሡ የተባለ ቀን ደግሞ ነገሩ እንደገና ይገለበጣል፤ ካሳ የሚሰላው ለቤቱ ነው፣ መሬቱማ የመንግሥት ነው። ስትገዛ የመሬት ዋጋ ትከፍላለህ፣ ስትነሣ የቤት ዋጋ ትቀበላለህ። በመሀል የቀረው ገንዘብ የማን ነው? ይህን ጥያቄ ጠይቄ ቀጥተኛ መልስ የሰጠኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። አብዛኛው ሰው ይስቃል። «ተወው ባክህ፣ አገሩ እንደዚህ ነው» ይላል።

የማወራው ስለየትኛው ቤት እንደሆነ ልናገር። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ የስድስት ደቂቃ የእግር መንገድ፣ 190 ካሬ ግቢ ነው። ዋናው ቤት የተሠራው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው፦ የድንጋይ መሠረት፣ የጽድ ምሰሶ፣ በጭድ የተመረገ የጭቃ ግድግዳ፣ ከላዩ የሲሚንቶ ልስን፣ የጣውላ ወለል፣ የቆርቆሮ ክዳን። ከጓሮ ሁለት ክፍል ሰርቪስና ማድ ቤት አለ። ባለቤትየዋ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ ልጆቻቸው ያሉት ውጭ አገር ስለሆነ ወደ እነሱ ሊሄዱ ነው። የጠየቁት 18 ሚሊዮን ብር ነው።

ገዢዎቹ እኔ፣ እማዬና ታላቅ እህቴ ነን። ገንዘቡ ከሦስት ቦታ ይመጣል። እህቴ ዱባይ ሰው ቤት ሠርታ በዘጠኝ ዓመት ያጠራቀመችው አለ። እኔ ሶፍትዌር እየጻፍኩ በአምስት ዓመት ያስቀመጥኩት አለ። ቀሪው እማዬ ጀሞ ያላትን ኮንዶሚኒየም ሸጠን የምናገኘው ነው። ከዚህ ሌላ የምንተማመንበት ጥሪት የለንም። ከተሳሳትን የሚጠፋው የአንድ ቤተሰብ የሕይወት ዘመን ድካም ነው።

ስም የለሹ ገንዘብ

የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ ልማዴም ቁጥሩን ቁጭ አድርጎ ማየት ነው። አብሮኝ ዩኒቨርሲቲ የነበረ ሲቪል መሐንዲስ ይዤ ሄድኩ። ልጁ ግማሽ ቀን ሙሉ ምሰሶ በቢላ ሲወጋ፣ ኮርኒስ ውስጥ በባትሪ ሲያይ፣ ግድግዳ በጡጫ ሲያንኳኳ ዋለ። ውጤቱ፦ በማድ ቤቱ በኩል ያሉ ሁለት ምሰሶዎች እግራቸውን ምስጥ በልቷቸዋል፣ ቆርቆሮው ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ ለእሳት የሚጋብዝ ነው። መሠረቱ ግን ንቅናቄ የለውም፤ የቀሩት የጽድ ምሰሶዎችም ጤነኛ ናቸው። ለመጠገን ወደ 900 ሺህ ብር ይበቃል አለ። ይህንኑ ቤት በዛሬ ዋጋ እንደ አዲስ ለመሥራት ደግሞ ወደ 4 ሚሊዮን ይፈልጋል።

እንግዲህ ከ18 ሚሊዮን 4 ሚሊዮን ሲቀነስ 14 ሚሊዮን ይቀራል። ይህ 14 ሚሊዮን የምን ዋጋ ነው?

የመሬት ዋጋ ነው እንዳልል ሕጉ አይፈቅድልኝም። ሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን በሙሉ የመንግሥት አደረገ፤ ትርፍ ቤቶችን ወርሶ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ፈቀደ። ደርግ ወደቀ፣ አዋጁ የተከለው ሐሳብ ግን አልወደቀም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል። ባዶ መሬት ሸጥኩ፣ ገዛሁ የሚል ውል ፍርድ ቤት ፊት ውል አይባልም። ለዚህ ነው ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርበን የምንፈርመው «የመኖሪያ ቤት ሽያጭ ውል» የሚሆነው። ሙሉው 18 ሚሊዮን እዚያ ላይ የቤት ዋጋ ተብሎ ይጻፋል። ሻጭም፣ ገዢም፣ እማኞችም፣ ማኅተም የሚመታውም ሰው ጭቃ ቤት 18 ሚሊዮን እንደማያወጣ ያውቃሉ። ሁሉም ዝም ብለው ይፈርማሉ።

መንግሥት ስለዚህ ገንዘብ አያውቅም እንዳንል ቀረጥ ይቀበልበታል። በስም ዝውውር ላይ የሚከፈለው የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ ነው። በ18 ሚሊዮን ላይ 360 ሺህ ብር ይመጣል። ከዚህ ውስጥ 280 ሺው የተሰላው በስም የለሹ 14 ሚሊዮን ላይ ነው። ሲቀበል ያውቀዋል ማለት ነው።

ሲከፍልስ? ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ ይዞታ የሚለቀቅበትን ሁኔታ የሚወስነው አዋጅ 1161/2011 ነው። በሐቅ እንነጋገር ከተባለ ሕጉ ባዶ እጅህን ውጣ አይልም። በቦታው ላይ ላለው ቤት በአዲስ ለመተካት የሚያስፈልገውን ወጪ ይከፍላል፤ ምትክ ቦታ ወይም ምትክ ቤት ይሰጣል፤ የማቋቋሚያ ድጋፍም አለው። የኔን ቤት በዚህ ሕግ ስሰላው ባለ 4 ሚሊዮኑ ቤት ካሳ አለው። ባለ 14 ሚሊዮኑ ቦታ ግን የሚተካው በካሬ ነው፤ ካሬው የት እንዳለ ደግሞ የሚወስነው ከተማው ነው። ከተማው ባዶ ቦታ ያለው ዳር ላይ ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን የነበረ 14 ሚሊዮን ብር ወደ ሁለት ሰዓት የታክሲ ሰልፍ ይለወጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። የከተማ ቦታን በሊዝ ስለመያዝ በወጣው አዋጅ 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ ከውርስ ውጪ በሆነ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል። ይህንኑ ቤት የባለቤትየዋ ልጅ ቢወርሰው ነባር ይዞታ ሆኖ ይቀጥላል። እኛ ስንገዛው ግን ስሙ በተዛወረ ቀን የሊዝ ባለ ይዞታ እንሆናለን፣ ዘመኑም ይቆጠራል። የገዛ ሰው የወረሰውን ሰው ያህል መብት የለውም። ለቤቱ የከፈለው ግን የገዛው ነው።

ለሚፈርስ ቤት ማን ቀለም ይቀባል?

ይህ ሁሉ የወረቀት ጣጣ ቢሆን ኖሮ ተሸክመነው እንኖር ነበር። ችግሩ ግድግዳ ላይ መታየቱ ነው።

ለባለቤትየዋ «እማማ፣ ቆርቆሮው ለምን እስካሁን አልተቀየረም?» ብላቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ዛሬ ነገ ይነሣል እየተባለ ሃያ ዓመት ሆነው። ለሚፈርስ ቤት ማን ቀለም ይቀባል?» አባባላቸው የስንፍና አይደለም። በትክክል የተሰላ ሒሳብ ነው። ለጥገና የምታወጣው ብር ስትሸጥ አይመለስልህም፤ ገዢው ቤቱን አያየውማ። ሳትሸጥ ብትቆይ ደግሞ መቼ እንደምትነሣ አታውቅም። ስለዚህ ብልህ ሰው አይጠግንም። አንድ ሰፈር ሙሉ ብልህ ሰዎች ሃያ ዓመት ሳይጠግኑ ሲቀሩ ሰፈሩ ይጎሳቆላል። ያኔ ባለሥልጣን ይመጣና «ያረጀ፣ የተጎሳቆለ ነውና ይነሣ» ይላል። ሰፈሩን ያስረጀው ይነሣል መባሉ ነው፤ የሚነሣው ደግሞ አርጅቷል ተብሎ ነው።

በአካባቢው ያሉት የቀበሌ ቤቶች ነገር ይብሳል። ከ1967 ጀምሮ ተከራዩ ባለቤት አይደለም፣ ባለቤቱ ቀበሌ አይጠግንም፣ ተከራዩ በራሱ ገንዘብ ልጠግን ቢል ፈቃድ ፍለጋ ደጅ ይጠናል። ከእኛ ግቢ ጋር አጥር የሚጋራው የቀበሌ ቤት ግድግዳው ወደ ውጭ አብጧል፤ ድጋፍ የቆመለት በባሕር ዛፍ እንጨት ነው።

ባንክም የራሱን ድርሻ ይወጣል። ለጎደለን ገንዘብ ብድር የጠየቅንበት ባንክ የላከው ገማች ጣቱን በልስኑ ስንጥቅ አስገብቶ ጭቃውን ካየ በኋላ «ይሄ መያዣ አይሆንም» ብሎ ደብተሩን ዘጋ። «አፍርሳችሁ በብሎኬት ብትሠሩት እንነጋገራለን» አለን። ስድሳ ዓመት ገደማ የቆመ ቤት እምነት አይጣልበትም፤ ገና ያልተሠራው ይታመናል።

«ታዲያ ጉስቁልናው ይቀጥል?»

እዚህ ላይ የሚነሣውን መልስ አውቀዋለሁ፤ ከራሴ ጓደኞችም ሰምቼዋለሁ። «አንተ ዋይፋይ ባለበት ቤት ቁጭ ብለህ ስለ ጭቃ ቤት ታዜማለህ፤ ለሃያ ሰው አንድ መጸዳጃ ቤት የሚጋሩት ሰዎች ግን መውጣት ነው የሚፈልጉት» ይሉኛል። ግማሹ እውነት ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ባልዲ የሚደረደርበት ቤት ውስጥ የሚያስናፍቅ ነገር የለም። ዶሮ ማነቂያ የኖረ ሰው ስለ ዶሮ ማነቂያ ትዝታ ብቻ ሳይሆን ስለ ሽታውም ይነግርሃል። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ ከተነሡት መካከል የራሱ መጸዳጃና የራሱ የውኃ ቧንቧ በማግኘቱ የተደሰተ ሰው አለ፤ ደስታውን የምነጥቀው እኔ ማን ነኝ? መንገዱ መስፋቱን፣ መብራቱን፣ ሰው በእግሩ የሚሄድበት ቦታ መገኘቱንም አልክድም። እኔም ማታ ማታ እሄድበታለሁ።

ነገር ግን የሚፈስ ጣሪያ መልሱ ጣሪያ ነው። መጸዳጃ ለሌለው መልሱ መጸዳጃ ነው። ከሰውየው መጸዳጃ ማጣት ተነሥቶ ሰውየውን ከነሰፈሩ ገላን ጉራ የሚያደርስ አመክንዮ መሀል ላይ የዘለለው ነገር አለ። የዘለለውም የቦታው ዋጋ ነው። ቦታው ርካሽ ቢሆን ኖሮ ጉስቁልናው ማንንም አያሳስብም ነበር። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ የመጣው ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ይሠራበት ከነበረው ተቋም ስም ነው። በቤት የተሰየመ ሰፈር ነበር፤ መጨረሻ ላይ ከቤቶቹ ይልቅ የተፈለገው ቦታው ሆነ።

ሌላው መከራከሪያ «መሀል ከተማ ላይ ምድር ቤት ብቻ ተሠርቶ መኖር ቅንጦት ነው፤ ከተማ ወደ ላይ ማደግ አለበት» የሚለው ነው። ይደግ! እኔም 190 ካሬ ላይ ሦስት ፎቅ ሠርቼ እህቴን አንደኛ፣ ሁለት ተከራይ ሁለተኛና ሦስተኛ ላይ ባኖር ደስ ይለኛል። ነባር ባለ ይዞታ በራሱ አቅም፣ በራሱ ጊዜ ወደ ላይ የሚያድግበት መንገድ ግን ጠባብ ነው። ለአካባቢው የወጣው ፕላን ትልቅ ሕንፃ ከጠየቀ ትንሹ ሰው ወይ ተደራጅቶ ባለሀብት ይፈልጋል ወይ ይለቃል። ወደ ላይ ማደግ የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ትንሹ ወጥቶ ትልቁ የሚገባበት በር ነው።

ከዜሮ እንጻፈው

በእኔ ሙያ ይህን ክርክር በየሳምንቱ እንከራከራለን። አንድ ወጣት ፕሮግራመር የቆየ ኮድ ይሰጠዋል። ይከፍተዋል፣ ይደነግጣል። የተጣፈ፣ የተቀጠለ፣ ማን ለምን እንደጻፈው የማይታወቅ መስመር የሞላበት ነው። የመጀመሪያ ቃሉ «ከዜሮ እንጻፈው» ነው። ልምድ ያለው ሰው ግን እያንዳንዱ የሚያስጠላ ጥፍ አንድ ሌሊት የተፈጠረ ችግር የተፈታበት እንደሆነ ያውቃል። ያንን ከጣልክ ችግሩን እንደገና ትገናኘዋለህ፤ ያውም መፍትሔውን ረስተህ።

በዚህ ረገድ በሙያችን የታወቀው ምሳሌ ኔትስኬፕ ነው። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ አጋማሽ ኢንተርኔት ማለት ኔትስኬፕ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ አሮጌውን ኮድ ጥለው እንደ አዲስ ለመጻፍ ወሰኑ። ከአራተኛው እትም በኋላ ስድስተኛው እስኪወጣ ሦስት ዓመት ገደማ አለፈ፤ አምስተኛ የሚባል ጭራሽ አልወጣም። በዚያ መሀል ገበያውን ማይክሮሶፍት ወሰደው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

ሰፈርም የተጠራቀመ መፍትሔ ነው። እዚያ ፈረንሳይ ያየሁት ግቢ ጠባብ የጎን በር አለው። መሐንዲሱ ጓደኛዬ «ይሄ ለምን አስፈለገ?» ብሎ ተገረመ። ባለቤትየዋ ነገሩን፦ ጎረቤትየው ዓይናቸው ደክሞ ነበርና በዋናው መንገድ ዞረው እንዳይመጡ ለሳቸው ተብሎ በ1980ዎቹ የተከፈተ ነው። በፕላኑ ላይ የለም። ካሳ ገማችም አይቆጥረውም። ዛሬም የሚያልፉበት የሰፈር ልጆች አሉ።

የሚገርመው ሕጉ ራሱ ይህን ያውቃል። አዋጅ 1161 በልማት ለሚነሣ ሰው ማኅበራዊ ትስስሩ ስለሚቋረጥበትና ሥነ ልቦናዊ ጉዳት ስለሚደርስበት የሚከፈል ካሳ አለው። ሕግ አውጪው ጎረቤት ዋጋ እንዳለው፣ እድር ዋጋ እንዳለው በጽሑፍ አምኗል ማለት ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለው ተረት ወደ አዋጅ ገብቷል። የሚያሳዝነው የገባው ለመቋረጡ በሚከፈል ካሳ በኩል ብቻ መሆኑ ነው። ትስስሩን ሳይቋረጥ ለማቆየት የተመደበ ብር፣ ለምሳሌ የነባር ቤት ማደሻ ብድር፣ የለም። የቆየ ቤት ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ በአዋጅ 209/1992 ጥበቃ ያገኛል፤ የባለሥልጣን ቤት ያልነበረ፣ ታዋቂ ሰው ያልተወለደበት ተራ የጭቃ ቤት ግን ቅርስም አይደለም፣ መያዣም አይደለም፣ ገበያው ላይም ቤት አይደለም።

ላም አለኝ በሰማይ

«እሺ፣ ታዲያ ለምን አፓርትመንት አትገዛም?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። በቅድሚያ 20 በመቶ ክፈል፣ ቀሪውን በግንባታው ሒደት፣ በሦስት ዓመት ተረከብ ይባላል። ሥዕሉ ያምራል። ሥዕሉ ውስጥ ያሉት ዛፎች አዲስ አበባ ላይ አይበቅሉም እንጂ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ግዢ ነው። ገንዘብ ከፍሎ ቤቱን ለዓመታት የጠበቀ፣ ጠብቆም ያጣ ሰው በየቤተሰቡ አለ። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ የብረትም፣ የአሉሚኒየምም፣ የሊፍትም ሒሳብ ተናወጠ፤ የድሮ ውል የያዘው ገዢና የአዲስ ዋጋ የያዘው አልሚ ተፋጠጡ። የቆመ ቤት ቢያንስ ቆሟል። ገብተህ ግድግዳውን በጡጫ ትመታዋለህ።

«ዕጣ ጠብቅ» የሚልም አይጠፋም። ሐምሌ 2014 ከ25 ሺህ በላይ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ወጣ፤ በቀናት ውስጥ በኮምፒውተር ሥርዓቱ ላይ በተፈጸመ ማጭበርበር ተሰረዘ፤ እንደገና የወጣው በቀጣዩ ዓመት ነው። እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። የሰው ቤት የሚያህል ነገር ለማንም ባልታየ ኮድ ሲወሰን ምን ሊሆን እንደሚችል ማንም እንዲያስረዳኝ አያስፈልግም።

«ዶላር ግዛበት» ለሚሉኝ መልስ የሰጠችው እህቴ ናት። እሷ ብዙ አታወራም። አንድ ማታ እኔና አጎታችን ስለ ካሬ ዋጋ፣ ስለ ምንዛሪ፣ ቤቱን አፍርሶ ባለ አራት ፎቅ ስለመሥራት ስንሟገት ቆይተን ዝም ስንል፦ «እኔ ዘጠኝ ዓመት የሰው ቤት ጠርጌያለሁ። አንድ የራሴን ላፈርስ አይደለም የምገዛው» አለች። አጎታችን «አየሽ፣ ቤቱን አይደለም እኮ...» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ተወው።

የምንጠይቀው

ከመንግሥት መሬት በግል ይያዝ ብዬ አዲስ ሕገ መንግሥት አልጠይቅም፤ ያ የሌላ ቀን ክርክር ነው። የምጠይቃቸው ሦስት ነገሮች አሁን ባለው ሕግ ውስጥ ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው።

አንደኛ፣ የካርታ ቁጥር ይዞ ለሚጠይቅ ገዢ ያ ይዞታ በፕላኑ ላይ ምን እንደሆነ በጽሑፍ ይሰጠው። መንገድ ነው? የወንዝ ዳርቻ ነው? መልሶ ማልማት ነው? ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከእንጦጦ በሚወርደው የቀበና ሸለቆ ላይ ያለ ሰፈር ነውና ይህ ጥያቄ ለእኛ ተራ ጥያቄ አይደለም። የጠየቅነው ጽሕፈት ቤት የሰጠን መልስ «ለጊዜው ምንም የለም» የሚል የቃል መልስ ነው። «ለጊዜው» ስንት ወር እንደሆነ ብጠይቅ ባለሙያው ፈገግ አለ። ፈገግታ ማኅተም የለውም። በጽሑፍ የተሰጠው መረጃ የሚጸናበት ጊዜ ይኑረው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ፕላኑ ከተቀየረ ገዢው የከፈለው ይመለስለት።

ሁለተኛ፣ ቀረጥ የተከፈለበት ዋጋ ካሳም የሚሰላበት ዋጋ ይሁን። መንግሥት 2 በመቶውን በ18 ሚሊዮን ላይ ከተቀበለ ሲያስነሣኝም 18 ሚሊዮኑን ያስታውስ። ይህ አንድ ጊዜ ከተጻፈ ብዙ ነገር ራሱ ይስተካከላል። ሰው ውሉ ላይ እውነተኛውን ዋጋ ይጽፋል፤ ዝቅ አድርጎ የጻፈ ራሱን ይጎዳል። ከተማውም ቀረጡን ሙሉ ያገኛል። ማፍረስ ነጻ መሆኑ ሲያበቃ ደግሞ ከማፍረስ በፊት ማሰብ ይመጣል።

ሦስተኛ፣ ማደስን ቀላል አድርጉት። ቆርቆሮ ለመቀየር፣ የበላውን ምሰሶ ለመተካት፣ መጸዳጃ ለመጨመር የሚጠየቀው ፈቃድ በቀናት ውስጥ ይለቅ። ባንኮች ለጥገና አነስተኛ ብድር ይስጡ። የቀበሌ ቤት ተከራይ ያወጣው የጥገና ወጪ በሚነሣበት ቀን ይቆጠርለት። በዚህ ዋጋ ስንት ግድግዳ ቀና ብሎ እንደሚቆም ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

እኛስ ምን አደረግን? ለባለቤትየዋ 15 ሚሊዮን አቅርበናል። ደላላው «ቦታውን በዚህ ዋጋ አታገኘውም» አለኝ። እኔም ቦታውን እየገዛሁ እንዳልሆነ፣ ቤቱን ገዝተን የመጀመሪያው ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮውን እንደምንቀይርና ሁለቱን ምሰሶዎች እንደምንተካ ነገርኩት። እንደ እብድ አየኝ። ባለቤትየዋ ግን ስለ ምሰሶዎቹ ሲሰሙ ስለ ዋጋው ሳያነሡ «የትኞቹን ነው ምስጥ የበላቸው?» ብለው ጠየቁኝ። ይዣቸው ሄጄ አሳየኋቸው። መልሳቸውን እየጠበቅን ነው። በ18 ከጸኑ አቅማችን አይደለም፤ በመሀል ቦታ ከተገናኘን እንገዛለን። አደጋውን እናውቀዋለን። በሚቀጥለው ዓመት ቀይ ቀለም ይዞ አጥራችን ላይ ምልክት የሚያደርግ ሰው ሊመጣ ይችላል። ያኔም ቢሆን ያስነሣው የሚያድስ ቤተሰብን እንጂ የማይረባ ቤትን እንዳልሆነ በጽሑፍ እናስመዘግባለን።

የቆየ ቤት ልትገዛ የምትዞር አንባቢ፣ ከሰሞኑ አንዱ ግቢ ውስጥ ቆመህ «ቤቱን አትየው፣ ቦታውን እየው» ስትባል አንድ ነገር ብቻ ጠይቅልኝ፦ «ቦታው የማን ነው?» መልሱን ዝም ብለህ ጠብቅ። ከዚያ ወደ ቤቱ ግባና ምሰሶውን እይ።